ከምግብ ጋር ሁለት ሁለት

መርቭ ታንሲ ወገቡን ሳያመውም ቢሆን ደስ የሚል ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው በታመመ ቁጥር ጻድቅ የሚያደርጉ ወሬኞችን ስለማልወድ ነው። ምግቤ ሲጥመው ዝም ይላል፤ ጨው ያነሰ ቀን ግን ስምንት ሰው እስኪሰማ ያውጃል። ለበግ ሸላቾች ማብሰል ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥራ አንዱን ያሳለፍኩት መርቭ ባለበት ቡድን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ሰው ወድቆ ነበር።

እጁን ግን ማንም አይንቅበትም። በምዕራብ ክዊንስላንድ ስንት መሸለቻ ቤት ገብተን ወጣን፣ በቀን ሁለት መቶ በግ ሸልቶ ሳይጮህ ሳይሳደብ የሚውል እንደ እሱ አላየሁም። የቡድኑ አውራ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚሸልተው፣ እሱ ነው። አንደኛው የመሸለቻ መቆሚያ የእሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካበትም። ሚስቱ ከሄደች ቆይታለች፣ ቤቱም አብሯት ሄዷል። ያለው ንብረት አንድ ሻንጣ ነው። አድራሻ ሲጠይቁት የአሠሪያችንን የሄንቲን ስልክ ይሰጣል።

ሄንቲ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሸላች ወገቡን ሲይዝ ካየ ዓይኑ ወዲያው ወደ ስልኩ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንዱ ማክሰኞ ወገቡን አመመኝ አለ፣ ሐሙስ ሌላ ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ይሸልት ነበር። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ አልተጠራም። መርቭ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህንንም ከማንም በላይ ያውቃል።

እናም ወገቡ ሲይዘው ለማንም ሳይናገር ከተማ ወርዶ ሐኪም ዘንድ ሄደ። እሑድ ማታ እራት ላይ ሄንቲ ከተነሣ በኋላ ነው ያወራልን።

«ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ከበግ ጋር ነው የምውለው አልኩት።»

«ጠባቂ መስለኸው ይሆናላ አጎቴ!» አለ ዊረሙ።

«ምን አገባኝ። ሳምንት ተኛ አለኝ፣ እሺ አልኩት። ክኒኑን ሰጠኝ፣ ወጣሁ።»

ዊረሙ ከኒውዚላንድ የመጣ ማዎሪ ነው፤ ሁለተኛው መቆሚያ ላይ ነው የሚሠራው። በእነሱ ወግ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ሁሉ አክስት፣ ወንዱ ሁሉ አጎት ነው። መርቭ ይህን አይወድለትም፤ አጎቴ የሚለው ልጅ በቀን ከእሱ በአሥር በግ ብቻ አንሶ ሲውል ደግሞ ጨርሶ አይወድለትም።

ያን ክኒን በኋላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በአንዱ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው፤ ሕመም የሚያስታግስና የተያዘ ጡንቻ የሚያላላ። ማሸጊያው ላይ በደንብ ተጽፏል። ሁለት ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ሌላ ፓራሲታሞል አይጨመርበት። መጠጥ አይጠጣበት። እንቅልፍ ስለሚያስይዝ መኪና አይነዳ፣ ማሽን አይያዝ። ቀኑን ሙሉ የመሸለቻ ማሽን ከእጁ ለማይለይ ሰው ይህ «አትተንፍስ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው፤ ስለዚህ መርቭ የሚመቸውን ብቻ አነበበ። የተመቸው «ከምግብ ጋር» የሚለው ነበር።

እኛ ዘንድ ቀን በሰዓት አይቆጠርም፣ በደወል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይደወላል፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይሸለታል፣ ይደወላል፣ ሻይ። ከዚያ ምሳ፣ ደግሞ ሻይ፣ ማታ እራት። ቁርሱን ጨምረህ ሸላች በቀን አምስት ጊዜ ይበላል፤ አምስቱንም እኔ ነኝ የማቀርበው። ሰኞ ሦስት ጊዜ ብቻ እንደወሰደ አውቃለሁ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ሕመሙ ጠናበትና ሳህን ፊቱ በቀረበ ቁጥር ሁለት መዋጥ ያዘ። «ከምግብ ጋር ይላል፣ ይኸው ምግብ» ይላል። ሳቅን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ልናገር። ከሻይ ማፍያው አጠገብ አንድ የጃም ጠርሙስ አስቀምጥ ነበር። ውስጡ ነጭ ክኒን ነው፤ ፓራሲታሞል። ካርቶኑን ጉንዳን ስለሚወርረው ሁሉንም ፈልፍዬ ጠርሙስ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። አንዱ የእጅ አንጓው ያመዋል፣ ሌላው ትናንት ቢራ አብዝቷል፤ እንደ ስኳር እየዘገነ ይሄዳል። ማንም አይቆጥርም፣ እኔም አልቆጥርም። መርቭም በየሻዩ ዕረፍት ከእኔ ጠርሙስ ሁለት ይጨምር ነበር። ባይደርስበት ደግሞ «ኔታ፣ ሁለት ወርውሪልኝ» ይለኛል፣ እወረውርለታለሁ።

ረቡዕ ዕለት ነገሩ መበላሸት ጀመረ። አፉ ኩበት ሆነ፤ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል፣ ሽንት ግን እምቢ አለው። ከመሸለቻው ቤት ጀርባ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቆም ደወሉ ተደውሎ ያልፈዋል።

«አጎቴ፣ እዚያ ጀርባ ያለችውን ታስተዋውቀናለህ ወይስ ብቻህን ነው የምታያት?» አለው ዊረሙ።

«አንተ በጎችህን ቁጠር፤ እስከ አሥር መቁጠር አስተምረውህ ከሆነ።»

መልስ ሰጠ፣ ዓይኑ ግን ትክክል አልነበረም። ብሌኑ ሰፍቶ ጥቁር ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ሁለት በግ ሲሸልት ቆዳቸውን ቆረጠ። መርቭ በግ ሲቆርጥ አይቼ አላውቅም። እራት ላይ ሥጋውን ገፋ አድርጎ ሁለቱን ክኒን ግን ዋጠ፤ በላዩም ቢራ ከፈተ። ባይበላም ሳህኑ ፊቱ ነበራ።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል ዝናብ ወረደ። አገራችን መረሬ አፈር ነው፤ አንድ ሌሊት ከዘነበ መኪና እስከ ሆዱ ይሰምጣል፣ ከበግ እርባታው የሚወጣም የሚገባም የለም። እርጥብ በግ መሸለት ያሳምማል ስለሚባል ደግሞ ማንም በግድ እንዲሠራ አይደረግም። ሸላቾቹ ሁለት ሁለት በግ ሸልተው ያያሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት «እርጥብ» ወይም «ደረቅ» ብሎ ጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል። ማን ምን እንደጻፈ አይታወቅም፣ አይጠየቅምም። የበዛው ያሸንፋል፤ እርጥብ ከበዛ ያን ቀን ማንም አይሸልትም።

ወረቀቱን የሚቆጥረው ዊረሙ ነው፣ ሰዎቹ መርጠውታል። አምስት እርጥብ፣ ሦስት ደረቅ።

«ስኳር ናችሁ እንዴ፣ ውሃ ሲነካችሁ የምትሟሙት?» አለ መርቭ ጮክ ብሎ። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ዓይነት በግ ደረቅ ነበር የሚባለው!» ማሽኑን ሰቀለና ማንንም ሳያይ ወደ መኝታው ሄደ። ሲንገዳገድ ጭቃው ነው ብዬ አለፍኩት።

ዊረሙ ወረቀቶቹን እንዳቃጥላቸው ሰጠኝ። ምድጃው ውስጥ ስጥል አንዱ ተገለበጠ። መርቭ ፊደሉን ወደ ኋላ ነው የሚያጋድለው፤ ትምባሆ ሲያልቅበት በሬ ላይ የሚለጥፈውን ማስታወሻ ስንት ዓመት አንብቤያለሁ። ወረቀቱ «እርጥብ» ይላል። የሸላችን ድምፅ ማንበብ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚህ ተባርሮ የቀረ ምግብ አብሳይ አለ። ግን በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድ ቀን እርጥብ ብዬ አላውቅም እያለ የሚኩራራ ሰው እንደዚያ ከጻፈ፣ ወገቡ ብቻ አልነበረም የያዘው። ወረቀቱን አቃጥዬ መደረቢያዬን ለበስኩና ወጣሁ።

ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ባልዲው ውስጥ ተፍቶበታል። ሆዱ ከእምብርቱ በታች ተነፍቷል፣ ቀኝ ጎኑንም ይዟል።

«ማን ግቢ አለሽ?» አለ።

«ማንም። ስንት ወሰድክ?»

«ከምግብ ጋር ነው የወሰድኩት።»

«ስንት አልኩህ!»

ማሸጊያውን ከትራሱ ሥር አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አነበብኩት። የመጀመሪያው መሥመር ላይ ከሁለቱ የአንደኛው ስም አለ፤ ፓራሲታሞል። የእኔ ጠርሙስ ውስጥ ያለው። ከማክሰኞ ጀምሮ ከሻይ ጋር በእጄ የወረወርኩለት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፤ ለእሱም ፈራሁ፣ ለራሴም ፈራሁ።

«መርቭ፣ ይህ እኮ ያው ነው። እላይ በላዩ ነው የምትውጠው። ሐኪም መደወል አለብን።»

«ስልኩ ያለው ትልቁ ቤት ነው። ሄንቲ እዚያ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያስ ትላለች! ሰባት ቀን ነው የቀረን ኔታ። ሰባት ቀን። ከዚያ ክረምቱን አርፋለሁ፣ ወገቤ ይመለሳል። ዛሬ ሄንቲ ካወቀ ግን አለቀልኝ። የት ነው የምሄደው? ንገሪኛ። የት?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን ይህ ሰው የደበቀው በሽታውን ብቻ አይደለም። ቢናገር ቦታው ይሄዳል፣ ባይናገር ነፍሱ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ መንገዱም ተዘግቷል።

«አንተው ራስህ በስልክ ለሐኪም ተናገር» አልኩት በመጨረሻ። «እኔ አፌን አልከፍትም። ግን ትናገራለህ።»

«ማይልኝ።»

«ምን መሐላ! ቃሌ ነው አልኩህ፣ ይበቃል።»

አራት መቶ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ጭቃው ጫማችን ላይ እየተደራረበ እግራችን የበርሜል ክዳን አከለ። በየሃያ እርምጃው ይቆማል፣ ሊሸና ይሞክራል፣ ይተወዋል። አልረዳሁትም፤ ሰው ሲረዳው ይሳደባል።

ሄንቲ ከእርባታው ባለቤት ከወይዘሮ አይሊን ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። «ምነው አውራ፣ ዝናቡ ወገብህን ነካው?» አለ እየሳቀ። መርቭ «ሆዴን ነው፣ ኔታ ያበሰለችው ነው» አለው። ይህን እንኳ አሳለፍኩለት።

ወይዘሮ አይሊን ደውላ የመድኃኒት ሳጥኑን ቁልፍ ይዛ ጠበቀች። ያ ሳጥን ውስጥ ሁሉም መድኃኒት ቁጥር አለው፤ በአውሮፕላን የሚመጡት ሐኪሞች በስልክ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እኛ እንሰጣለን። መርቭ እንደ ሸላች ሁሉ ጆሮው ደንዝዟል፤ በስልኩ ያለችውን ሐኪም አልሰማ ሲል ወይዘሮ አይሊን ማጉያውን አበራችው። እንግዲህ ወጥ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

«አቶ ታንሲ፣ ከዚህ ክኒን በቀን ስንት ይወስዳሉ?» አለች ሐኪሟ።

ሄንቲ ካርታውን አስቀመጠ። መርቭ እሱን አየው፣ ቀጥሎ ስልኩን አየው።

«ሁለት ሁለት። በቀን ሦስት ጊዜ። ልክ እንደ ተጻፈው።»

«ሌላ ማስታገሻስ? የጉንፋን ክኒን፣ ፓራሲታሞል? የሚጠጡት ነገርስ?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ማንበብ እችላለሁ እኮ እመቤቴ።»

ክኒኑን እንዲያቆም፣ ሽንቱ እስከ ማታ ካልመጣ እንደገና እንዲደወል፣ ነገ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ከተማ እንዲወርድ ነገረችው። መርቭ እፎይ አለ። ሲተነፍስ ሰማሁት። እጁን ስልኩን ሊዘጋ ዘረጋ።

ቃል ሰጥቻለሁ። በሕይወቴ ብዙ ቃል አልሰጠሁም፣ የሰጠሁትን ደግሞ እጠብቃለሁ። ግን እጁ ሲዘረጋ የጥፍሩን ሥር አየሁት፤ ከዚያ ቀና ብዬ የዓይኑን ነጭ አየሁት። በመስኮቱ ብርሃን ቢጫ ነበር።

«አይዝጉት!» አልኩ። «ውሸቱን ነው።»

«ኔታ!» አለ መርቭ።

«ምግብ ባየ ቁጥር ሁለት ይውጣል፤ በቀን አምስት ጊዜ ነው የምናበላቸው። በላዩ ላይ ፓራሲታሞል አለ፣ ሁለት ሁለት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ እሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ። ማታ ማታ ቢራ አለ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።»

የሐኪሟ ድምፅ ተለወጠ። ስንት ሰዓት ላይ መጨረሻ እንደ ዋጠ፣ ስንት እንደቀረ፣ ተፍቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔን እንጂ እሱን አልጠየቀችም። በቀን አሥር ከዚህ፣ አራት ከዚያ እያለች ስትደምር እንሰማታለን። «ጉበቱ ተነክቷል ብዬ እፈራለሁ፣ ማርከሻ በደም ሥሩ መጀመር አለበት፣ ዛሬውኑ፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት ደረቅ መሬት አላችሁ?» አለች። ወይዘሮ አይሊን ቀዩ ጉብታ ላይ ያለው ማረፊያ አሸዋ ስለሆነ ውሃ እንደማይዝ ነገረቻት።

ሄንቲ መርቭን ያየው ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አለው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የከፋው። መርቭ እኔን ነው ያየኝ። እግሯ እንደ ታሰረ በግ አስተያየት አይደለም፤ ያሰረውን ሰው ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ነው።

ሰዎቹ ሥራ አልነበራቸውም፤ ሁሉም ወጡ። ዊረሙ ትራክተሩን አስነሣ፣ ከኋላው ሱፍ የምንጭንበትን ተጎታች አሰረ፣ ፍራሽ አነጠፈ። እስከ ማረፊያው ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኔ ፍራሹ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ሸራ ያዝኩለት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነርሷ ቱቦ አስገብታ ሽንቱን አወጣችለት፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው «ወይኔ እናቴ» ያለው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ዓርብ ፀሐይ ወጣ። ቅዳሜ በጎቹ ደረቁ፣ ሄንቲ ዊረሙን አንደኛው መቆሚያ ላይ አቆመው። ዊረሙ እሺ አለ፤ ማን እምቢ ይላል? የጃሙን ጠርሙስ አጥቤ ጃም አደረግሁበት። አሁን ክኒን የፈለገ ከእነ ማሸጊያው ነው የሚያገኘው፣ ስሙንም አስነብበዋለሁ፣ ሌላ ምን እንደ ወሰደም እጠይቀዋለሁ። «እትዬ ኔታ ሐኪም ሆነች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

ሽለታው ሲያልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ጉበቱ እያገገመ እንደሆነ፣ በዚያው አንድ ሁለት ቀን ቢቀጥል ግን ማርከሻውም ላያድነው ይችል እንደ ነበር ነገረችኝ። ወገቡን ደግሞ በፎቶ አይተውታል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሥራ ከእንግዲህ የለም ብለውታል። ሄንቲ ሻንጣውን በእኔ ልኮለት ነበር። በር ላይ ቆሜ ሳለሁ መርቭ መጀመሪያ ያየው ሻንጣውን ነው። ትንሽ ቆይቶ ነው እኔን ያየኝ።

«ሁሉንም ከተተው?» አለ።

«ሁሉንም። ቦት ጫማህን እኔ ነኝ የጠረግሁት።»

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር።»

«ሰጥቼህ ነበር።»

«ብትጠብቂው እሞት ነበር አሉኝ።»

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ልስደብሽ ወይስ ላመስግንሽ?»

«ሻይ ስሰጥህም አመስግነህ አታውቅ፣ ዛሬ አትጀምር» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ፣ በሄንቲ፣ በራሴ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ንጋት ላይ እነቃለሁ» አለ ወደ መስኮቱ እንዳየ። «ተጋድሜ እጠብቃለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀኝ እጄ ራሱ ይነሣል፣ ማሽኑን ሊያወርድ። ነርሷ ሕመም ነው ብላ ሐኪም ጠርታ ነበር። ከዚህ ሲያስወጡኝስ ኔታ? ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ምን አደርጋለሁ?»

መንገዱን ሁሉ ስመጣ ለምን ቃሌን እንዳፈረስኩ የምነግረውን እያሰናዳሁ ነበር። እሱን ግን አልጠየቀኝም።

«አላውቅም» አልኩት።

እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ሻንጣውን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩ።